የእድገት ሕመም

ለውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? እዚያ ደቡብ ክረምቱ ዝናብ ብቻ ነው ይላሉ፤ እውነት ከሆነ አዝንልሻለሁ። እኔ ዓይኔ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ሐይቃችን መጋቢት እየወጣ እንኳ በረዶውን አልለቀቀም። ቀን ቀን ሲሰነጠቅ ከታች ሰው የሚያቃስት ይመስላል። አንቺ “ሐይቁ ራበው” ትይ ነበር።

አራት ዓመት ሙሉ ዝም አልሁሽ። በመጨረሻው ደብዳቤሽ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት የአጥንቱ ጥንካሬ ተለክቷል?” እኔ ግን “ይቺ ሴትዮ ልጁን አልወደደችውም” ብዬ ደብዳቤሽን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት። ዛሬ ልመልስልሽ ነው። አልተለካም።

በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ ልማዴን ታውቂያለሽ።

የልጄ የኡልሪካ ልጅ መልከር በአሥራ አንድ ዓመቱ ሴት ልጅ ሆኖ ቢወለድም ሴት ተብሎ መኖር እንደማይችል ሲነግረን፣ አንቺ ገና የትምህርት ቤታችን ነርስ ነበርሽ። ያን ክረምት ምግብ እምቢ ብሎ፣ ከአልጋው አልነሣ ብሎ እንደነበር አይተሻል። ሐኪሞቹ ጉርምስናን የሚያቆይ መርፌ ጀመሩለት። “የማሰቢያ ጊዜ ልንገዛለት ነው፤ ሲቋረጥ ሰውነቱ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ቢበዛ ሁለት ዓመት” አሉን። እውነቱን ልጻፍ፤ ከመርፌው በኋላ በላ፣ ሳቀ፣ ወጥቶ ተጫወተ። ሳቁን ስሰማ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ሁለቱ ዓመት አራት ሆነ፤ ማንም ደውሎ “እንለካው” አላለም።

በጥቅምት በትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ የሚደረገውን የመንሸራተቻ ልውውጥ ታስታውሻለሽ። ልጅ ሁሉ ያጠረበትን የበረዶ መንሸራተቻ አምጥቶ ረዘም ያለውን ይወስዳል። ለኪዋ ዛሬም እኔ ነኝ፦ ክንድ ወደ ላይ፣ የመንሸራተቻው ጫፍ የእጅ አንጓ ላይ። ባለፈው ጥቅምት መልከር የአምናውን ይዞ መጣ። ክንዱን አነሣ፤ ጫፉ ከአንጓው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ቆመ። ጓደኛው ሲክስተን፣ ያ ትናንት አፍንጫውን የምትጠርጊለት፣ ዛሬ በጎረነነ ድምፅ “አንተ ሚጢጢ፣ የታናሽ ወንድሜን ላምጣልህ?” አለው። መልከርም “ባክህ ቀጭኔ፣ መጀመሪያ አንገትህን ከጣሪያው አውጣ” ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔም ሳቅሁ፤ “ያው ይበቃዋል” ብዬም መዘገብሁ።

የክፍሉን የአራት ዓመት ፎቶዎች ግድግዳዬ ላይ ደርድሬያለሁ። አንድ ቀን አቧራ ልጠርግ አወረድኋቸውና ተዘበራረቁብኝ። መልከርን እያየሁ መልሼ ልደረድራቸው ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። ሌሎቹ ከፎቶ ወደ ፎቶ ፊታቸው እየተለወጠ ይሄዳሉ፤ እሱ በአራቱም ያው ልጅ ሆኖ ያየኛል። ስልክ ሲያነሣም ያ የአሥራ አንድ ዓመት ድምፁ ነው። ስልኩን ዘግቼ የቀን መቁጠሪያ ያየሁባቸው ጊዜያት አሉ።

ከልውውጡ ስንመለስ መኪና ውስጥ “አያቴ፣ ጀርባዬን ያመኛል” አለኝ። ለስንት ልጅ የመለስሁትን መልስ ለእሱም መለስሁለት፦ “የእድገት ሕመም ነው፤ በአንተ ዕድሜ ሁሉንም ያመዋል።”

ትክ ብሎ አየኝና “አያቴ ደግሞ! የቱ እድገት?” አለ።

ሁለታችንም ሳቅን። አስቢው፤ ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ወደ መስኮቱ ዞረና “ለእማዬ አትንገሪያት እሺ? ሐኪሞቹ ከሰሙ መርፌውን ያቆሙብኛል” አለኝ። ቤት ስንደርስ ጀርባውን በቅባት አሸሁለት።

በየካቲት ሐይቁ ዳር ወጣን። መንሸራተቻውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ሚዛኑን ሳተና እንደ ጥጥ የለሰለሰ በረዶ ላይ ቁጭ አለ፤ ወደቀ እንኳ አይባልም። ቀጭ የምትል ድምፅ ሰማሁ።

“ሐይቁ ነው” አልሁት።

ከንፈሩ ነጥቶ “አያቴ፣ ሐይቁ አይደለም” አለኝ።

ሁለት የጀርባ አጥንቶቹ እንደተረገጠ የክብሪት ሣጥን ተጨፍልቀዋል። ሐኪሟ፣ ልጅ እግር ናት፣ አጥንቱ ለዕድሜው እጅግ የሳሳ ነው አለችን። የመጀመሪያውን ልኬት ፍለጋ መዝገቡን ወደፊትም ወደኋላም ገለጠች፤ የለም። “ከምን ጋር ላወዳድረው?” አለች፣ ለእኛ ሳይሆን ለወረቀቱ። መርፌው ይሁን፣ ያ ሳይበላ የተኛበት ክረምት ይሁን፣ ከመጀመሪያውም የሳሳ ይሁን፣ አሁን ማንም አይለየውም። አርባ አንድ ዓመት ሳስተምር መነሻውን ሳልፈትን ለአንድም ተማሪ ውጤት ሰጥቼ አላውቅም።

መርፌው ቆሟል። መልከር ደረቱን የሚይዝ ድጋፍ ታጥቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ወገቡ ይብስበት፣ የፈራው ነገር መድረሱ ይብስበት፣ አላውቅም። አልጋው ላይ የማየው ልጅ የዛሬው ይሁን የዚያ ክረምቱ ግራ ይገባኛል። የሳሳ አጥንት በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ መልሶ ይሞላል? የምታውቂውን ሳትደብቂ ጻፊልኝ፤ ብትቆጪኝም ይገባኛል።

ኡልሪካ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ በየቀኑ አንድ ነገር ትደጋግማለች፦ “ምነው እንደሚያመው ለአንዳችን እንኳ ቢነግረን ኖሮ!” መልከር ያን ጊዜ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ እኔን ያየኛል። እኔ የሰው ስህተት ሳላርም ማለፍ የማልችለው ሴትዮ፣ ጎንበስ ብዬ ብርድ ልብሱን አስተካክላለሁ።

ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ ደጅሽን ደስታ አያጣው። እኔን ይቅር የምትይበት ልብ ይስጥሽ።

ያው የድሮ ባልደረባሽ፣ ጓደኛሽ