ውሾቹ በር ላይ የሚቀበሉት

ኅዳር 4፣ እሑድ ጠዋት
ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። እንጨት እፈልጣለሁ። ከቦኖ ውኃ እቀዳለሁ። መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ፣ ያውም በሁለተኛው ሙከራ። ይህንንም በመሠረተ ትምህርት በለቀምኩት ፊደል እጽፍልሃለሁ፣ አንተ ደብተር። ልጄ ከባምባሲ ደወለች። ውሾቹን ተውና እኔ ጋ ኑር አለች። ዘጋሁባት።
ውሻዬ መቻል ግራ ጫማዬን በላ። ቀኙን ለምን እንደተወው እሱ ያውቃል። ሌላዋ ውሻ ይታየኝ የጎረቤቴን የወ/ሮ አስካለን ዶሮ ገድላ እንደ ስጦታ እግሬ ሥር አኖረችልኝ። የአራቱንም ውሾች ስም ያወጣችው ሟች ሚስቴ ታንጉት ናት። ትንሹን ማንአለኝ አለችው። እኔ ሽማግሌው መንገድ መሃል «ማንአለኝ! ማንአለኝ!» እያልኩ ስሮጥ ሰው ከንፈር ይመጥልኛል። ያንገበግባል።

ኅዳር 5፣ 11 ሰ.
ያው ሰዓት። አራቱም ከተኙበት ብድግ። ጅራት እየቆሉ ወደ በር። ታንጉት በርበሬ ሸጣ የምትገባበት ሰዓት ነው። ማንም የለም። ማንአለኝ በጀርባው ተንጋለለ፣ ሆዱን ለማን እንደሰጠ እንጃ። ከሞተች ሰባት ወሯ! ተናደድኩ፣ ድንጋይ ወረወርኩ። ከዚያ በሩን ከፍቼ አየሁ። ምን ልሁን ብዬ አየሁ?

ኅዳር 7
የቀበሌ ሰው መጣ። ያበደ ውሻ ታይቷል። ቅዳሜ መርዝ የነካው ሥጋ በየመንገዱ ይጣላል፣ የታሰረ ይተርፋል፣ የተለቀቀ ያልቃል አለ። አላስርም አልኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም። እነሱ ከታሰሩ በ11 ሰ. ማን ወደ በር ይሄዳል?

ኅዳር 8
ጉድ። አራተኛው ውሻ ዳማ አጥር ሾልኮ ከጎረቤቴ ከአደም የውዱእ ማንቆርቆሪያ፣ ለሶላት ከሚታጠብበት፣ ጠጣ። አደም የበርታ ሰው ነው፣ ሶላት አያጓድልም። ውሻ አፉን የከተተበት ዕቃ በእነሱ ሃይማኖት ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ የመጀመሪያው በአፈር። ይቅርታ ማለት አይሆንልኝም። እኔ አጥበዋለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ።
«አባ፣ አንተ የራስህ ሰሃን አንድ ጊዜ አታጥብም!» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው።
አፈሩን ዘገንኩ። የታንጉት መቃብር ትዝ አለኝ። በቀብሯ ቀን እነዚህ ውሾች አስከሬን አናስወጣም ብለው አንድ ለቀስተኛ ነከሱ። ሌላ ሰው አይችላቸውም አልኩ እኔ እልኸኛው፣ ቤት ዘግቼ ልይዛቸው ቀረሁ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ጉድጓዱ ተሞልቷል። አፈር አላለበስኳትም። ውሾቹም ስትቀበር አላዩ፣ እኔም አላየሁ። ከዚያ ወዲህ መቃብሯን አልረገጥኩም። ይህን ለአደም ነገርኩት። እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ።
አደም ውኃ ይዞ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ኋላ በእሱ አማርኛ፣ «ውሻ አያውቅም፣ ይጠብቃል። ታንጉት ሞተ። አንተ ታውቃለህ አባ። ለምን በር ትከፍታለህ?»
በአጥሩ ያየኝ ኖሯል። የቀረውን ስድስት ጊዜ እሱ ውኃ አፈሰሰልኝ፣ እኔ አጠብኩ።

ኅዳር 9፣ ዓርብ
አራቱንም ማንጎው ሥር አሰርኩ። መቻል አንዱን ገመድ በልቶ ነበር፣ በሽቦ አሰርኩት። 11 ሰ. ሆነ። ተነሱ። ገመዱ እስኪያንቃቸው ወደ በር ተሳቡ፣ ጅራታቸው ይቆላል፣ ያላዝናሉ። በሩ የተንኳኳ መሰለኝ። ወንበሬን ጨብጬ ተቀመጥኩ። አልከፈትኩም።
ነገ መርዙ ይጣላል። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገባም፣ እነሱ እንደታሰሩ ወደ መቃብሯ ብቻዬን እሄዳለሁ። ልጄ ልምጣና ልደግፍህ አለች። አይሆንም። ያለብኝን ራሴ እከፍላለሁ፦ ለወ/ሮ አስካለ እንቁላል የምትጥል ዶሮ። ለአደም አዲስ ማንቆርቆሪያ፣ የእኔን እጥበት አላምነውም። ለተነከሰው ለቀስተኛ ይቅርታ፣ ከወጣልኝ። ለታንጉት አፈር፣ በገዛ እጄ፣ አንድ እፍኝ።