እህቴ በአካል ትቅረብ ስለመባሉ

ለተከበሩ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጤናዎ ይብዛ፤ ከመኪናዎ በወረዱ ቁጥርም እግርዎ ደረቅ መሬት ይርገጥ። እኔ ከገበያው ጀርባ የምሠራ ጫማ ሰፊ ነኝ። ታላቅ እህቴ ባለፈው ወር፣ በዝናብ፣ ከአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ የኋላ ደረጃ አዳልጧት ወድቃ በሦስተኛው ቀን አረፈች። መሥሪያ ቤትዎ ስላደረገልን ሁሉ በአደባባይ ላመሰግን ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

፩ኛ. «በክረምት ተጠንቅቀው ይውረዱ» የሚል ማስታወቂያ በየአውቶቡሱ ስላስለጠፉ እግዜር ይስጥልኝ። የደረጃው ጎማ ከተላጠ ሁለት ክረምት አለፈው፤ ብረቱ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ለወረቀቱ የተገኘው ማጣበቂያ ለጎማውም ተርፎ ቢሆን ኖሮ እህቴ ዛሬም እንደ ልማዷ ትቆጣኝ ነበር።

፪ኛ. አጣሪ ኮሚቴዎ አደጋው የደረሰው «የተሳፋሪዋ ጫማ ሶል በማለቁ» መሆኑን ጫማውን ሳያይ ማወቁ ይደንቃል። ያንን ሶል ከመውደቋ አራት ቀን በፊት በገዛ እጄ የመታሁት እኔ ነኝ። ጫማው መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ጥርሱ እንኳ አልተነካም። ዝናብ ሲጥል ደጃፌ ላይ ጃንጥላዋን ስታራግፍ ይሰማኛል፤ ግቢ ብዬ እጣራና ደንበኛ ይታዘበኛል።

፫ኛ. ሾፌሩን አይቅጡብኝ። እሷ በወደቀችበት ፌርማታ ወራጅ ባይኖርም ጠዋት ጠዋት ያቆማል፤ የኋላውን በር ከፍቶ አንዲት ሴትዮ ቀስ ብላ ወርዳ እስክትጨርስ ያህል ይጠብቃል። ጉሙ ሰተት ብሎ ይገባል። ያን ዕለት ሂድ እንጂ እያለ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ አሁን አንገቱን ይደፋል። እኔም ለበሩ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ምን ልደብቅዎ፣ ዞር ማለት እፈራለሁ።

፬ኛ. ደረጃው ይጠገን ያልነው አቤቱታ የሚታየው «ተጎጂዋ በአካል ቀርባ ስታስረዳ» መሆኑን፣ እስከ ሐሙስ ካልቀረበችም ፋይሉ እንደሚዘጋ ጽፈውልናል። የሞት ምስክር ወረቀቷን አያይዘን ነበር። ጸሐፊዎም በደግነታቸው፣ መምጣት ካልተመቻት ውክልና ላይ ፈርማ ሰው መላክ እንደምትችል ነግረውናል።

መቼም ደንብ ነው፣ ምን ይደረጋል! የምንለምነው ካሳ አይደለም፤ አንድ ክንድ ጎማ ነው። እኔው በነጻ ልለጥፈው ብል የድርጅቱን ንብረት መነካካት ያስጠይቃል ተባልኩ። እጄ ላይ ጎማ አለ፣ ማስቲሽ አለ፣ መዶሻ አለ፤ ቁጭ ብዬ ዝናቡን አያለሁ።

ለጥ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ቀና ለማለትም ፈቃድዎን እየተጠባበቅሁ፣
የዘወትር ተሳፋሪዎ፣
ጫማ ሰፊው

ሳልረሳው፦ ሐሙስ ጠዋት የእህቴ ልጅ በእናቷ ፈንታ ትቀርባለች። ቁርጥ እናቷን ናትና ጥበቃዎቹ እንዳይደነግጡ ይንገሩልኝ። ሌላ መኪና ስለሌለ የምትመጣው በዚያው በአሥራ አራት ቁጥር፣ የምትወርደውም በዚያው ደረጃ ነው። በደህና ከወረደች ቢሮዎ ትደርሳለች።