«እባጭ ነው» ያልኩሽ

ወይንሸቴ፣

ከተለየሽን ሦስት ዓመት አለፈ። ቤቱ ያው ነው። እኔም እዚያው ጀጎል ልብስ እሰፋለሁ፤ ዓይኔ ስለደከመ ጠዋት ጠዋት መርፌው ላይ ክር የምታስገባልኝ ልጃችን ቤዛ ናት።

ከተማው ግን ተለውጧል። ያኔ አዲስ አበባ ሂዱ የተባልንበት ሕክምና አሁን እዚሁ ሐረር ይሰጣል። ዋጋውም እንደኛ ያለውን ሰው ከበር አይመልስም። ነርሶች እኛ ሰፈር አቦከር ድረስ እየመጡ ሴቶችን ለምርመራ ይጠራሉ። ሲያልፉ አንገቴን እደፋለሁ።

የጡት ካንሰር ነበር፣ ወይንሸቴ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ስሙን የሰማ ቶሎ ይሞታል ሲባል ሰምቼ፣ «እባጭ ነው» አልኩሽ። አዲስ አበባ እንሂድ ስልሽ ሳቅሽብኝ። «ለአንድ እባጭ? እናትህ ናፍቃህ ከሆነ ብቻህን ሂድ!» አብሬሽ ሳቅኩ፤ ሳንሄድም ቀረን። የመንገዱን ወጪ ሳስብ ደግሞ ትንሽ ቀለለኝ። ይህንንም ልጻፈው።

ለቤዛ ደግሞ እናትሽን የገደላት ጉበት ነው አልኳት።

ባለፈው ሳምንት እሷም ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ቅጽ እየሞላች፣ በቤተሰብ ካንሰር የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀቻት። ቤዛ ሳታመነታ «የለም» አለች። ነርሷ ጻፈች። ሌላ ጥያቄ ቀጠለች። ከዚያም ሌላ።

«አለ» አልኩ። «እናቷ።»

ቤዛ ዞራ አላየችኝም። ከእብጠቱ ናሙና ወሰዱ። በባጃጅ ቤት ደረስን። በሩ ላይ፣ «እማዬ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። አላውቅም። በመጨረሻው ሰሞን ነጠላዎችሽን ለእህትሽ ስትሰጪ አይቼ «ለምን?» አላልኩሽም። መልስሽን ፈራሁ።

ውጤቱ ገና ነው። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ለቤዛ እንድትነግራት ነርሷን ለምኛለሁ። እኔ ውጭ እቀመጣለሁ። ቤዛ እስካሁን አታናግረኝም፤ ክሩን ግን ታስገባልኛለች።

ትናንት አንዲት ደንበኛዬ በምን እንደሞትሽ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቀሚሷን እንደያዘች ቆመች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምርመራው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። መንገዱን አሳየኋት።

እስካለሁ ድረስ አስታውስሻለሁ፣ ወይንሸቴ። ስለ አንቺ ለጠየቀኝ ሁሉ ሳቅሽንም በሽታሽንም ሳልደብቅ እነግረዋለሁ።

ባልሽ