የአዲሱ መለኪያ አሥራ አራት

ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ የጓሮው ቧንቧም ተሠራ።

የላክሽው የስኳር መለኪያ ደረሰን። አባትሽ ጣቱን ወግቶ ሲለካ መለኪያው አሥራ አራት አለ። ሐኪሙ "ከሰባ በታች ከወረደ ቶሎ ጣፋጭ ስጪው" ብሎኝ ስለነበር ደነገጥኩ። ስኳር በጥብጬ አጠጣሁት። "ኧረ ደህና ነኝ፣ ሴትዮ!" ቢለኝም አልሰማሁትም። ብዙም ሳይቆይ ውሃ ጥም አቃጠለው፤ ዓይኑም ፈዘዘ። ጎረቤታችንን ነርሷን ጠራኋት።

መለኪያውን አገላብጣ አየችና "እትዬ፣ የድሮው መለኪያችሁ በሚሊግራም ነበር፤ ይሄ የሚቆጥረው ሚሊሞል በሚባል ሌላ ልክ ነው። አሥራ አራትን በአሥራ ስምንት ያባዙት፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ይመጣል። ስኳሩ ወጥቶ እንጂ ወርዶ አይደለም" አለችኝ።

 ክሊኒክ ወስደነው መድኃኒት ሰጡት፤ ማምሻውን ወረደለት። በዚህኛው መለኪያ ጣፋጭ የሚሰጠው ከአራት በታች ሲሆን ነው አሉኝ። አባትሽማ አሁን ማንኪያ ባነሳሁ ቁጥር "ደግሞ ልታጣፍጭኝ ነው?" እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የስኳር በሽታ በዘር ይሄዳል ይላሉና አንቺም ተለኪ። ቁጥሩን በሚሊግራም ይሁን በሚሊሞል ለይተሽ ንገሪኝ፤ "ደህና ነኝ እማዬ" ብቻ አይበቃኝም።

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፣ ዓይኔ።

እናትሽ