ቀበሮዋን ያጣሁበት ምሳ

አበልጄ ባሲሊያ፣

ኩስኮ በሰላም ገብቻለሁ። የዓይን ሐኪሙ «እስከ መጪው የድንች ቆፈራ ታያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልዋሽሽም» አለኝ። እህቴ ኒካሲያ «እንግዲያው ዛሬን እንዝናና» ብላ በጥንቱ የድንጋይ ግንብ ስር ስታዞረኝ አረፈደች። ምሳ የኩይ ጥብስ በድንችና በበቆሎ ጠላ ጋበዘችኝ። ጓዳችን ውስጥ ሣር እያበላን ከምናረባቸው ጅራት የለሽ ኩዮች አይደርስም፤ ቆዳው ጫማ ነው።

የኩይዋን ጭንቅላት ለእንግዳ ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ቀበሮ የምንላትን ሚጢጢ አጥንት ከጆሮዋ አውጥቼ፣ ጠላ ውስጥ ጨምሬ፣ ምኞቴ እንዲሰምር በአንድ ትንፋሽ ልውጣት ነው። ምን እንደምመኝ ታውቂዋለሽ። ፈለቀቅኩ፣ ዳበስኩ፣ የለችም። «ይቺ ኩይ ቀበሮ የላትም» አልኩ።

ኒካሲያ ሳቀችብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ክር ስትቆጥሪ ኖረሽ አጥንት ያቅትሽ? ሳህንሽ ላይ ቁጭ ብላ እያየችሽ!» ወዲያው ነገሩ ገባት። አጥንቷን አንስታ ጠላዬ ውስጥ ጣለችልኝ። ሌላ ሰው ያገኛት ቀበሮ እንደማትሠራ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ጠጣኋት።

ሽመናው ላይ የተውኩትን ጥለት አንቺ ጨርሺው፤ እኔ ከእንግዲህ አልነካውም። የክርስትና ልጄን ሳሚልኝ፤ ለባልሽም ሰላምታዬን አድርሺ። መስመሩ ከተደራረበብሽ አትቀየሚኝ። ይህን ፖስት ካርድ የገዛሁት የተራራ ፎቶ አለበት ስላሉኝ ነው። የእኛው ተራራ መሆን አለመሆኑን አንቺ እይልኝ።

ፎርቱናታ