ቻታካ ለምን ወደቀች

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ያ የጠዋት ሳልህስ ተወህ? እማዬን በስልክ ስጠይቃት "ደህና ነው፣ ተኝቷል" ትለኛለች። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ተኝቷል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተህ ግቢውን ካልጠረግህ ቀኑ የማይጀምርልህ ሰው፣ እኔ በደወልኩ ቁጥር እንቅልፍ ይወስድሃል። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ወረቀት ከደጅ አይመለስም።

እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። የተሰበረው ክንዴ ገጥሟል፤ ብርዱ ሲበረታ ይጠዘጥዘኛል እንጂ ሥራ አይከለክለኝም። እዚህ ሰሜኑ ተራራ፣ ሌህ፣ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። እናንተ ጋ ዳቫንጌሬ ደግሞ ሙቀቱ በርትቶ ሰው ጣሪያ ላይ መተኛት እንደጀመረ ሰምቻለሁ።

ሌላም ሰምቻለሁ። የሄሊኮፕተር ፋብሪካው የማታ ፈረቃ መቆሙን ሰምቻለሁ። ጋሼ ሴሻድሪ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ትከሻው ላይ ያሳደገኝ ጓደኛህ፣ እማዬን መንገድ ላይ አይቶ እንዳላየ ማለፉን ሰምቻለሁ። አንዲት ሴትዮ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ላይ አስቁማ "ልጅሽ የልጆቻችንን ጉሮሮ ዘጋች" እንዳለቻትም ሰምቻለሁ። አንተም ይህን ሁሉ ከሰው አፍ ሰማህ፤ ከእኔ አፍ ግን አንድም ቀን አልሰማህም። ዛሬ ስማኝ። ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም የጻፍኩት። የምጠይቀው ይቅርታ የለኝም።

የፋብሪካችሁ ሄሊኮፕተር ቻታካ የወደቀች ዕለት ያበረርኳት ከሻለቃ ፑናቻ ጋር ነበር። ስለ እሱ ደጋግሜ አጫውቼሃለሁ። የኮዳጉ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ግን ድንኳኑን የሚያነቃንቅ። ሜካኒኮቹ ከመነሣታችን በፊት ክፉ እንዲርቅ እንደ ልማዳቸው ሎሚ ጎማው ሥር ሲያስቀምጡ "ሎሚው ይጨመቅ፤ እኛ እንትረፍ" ይላቸው ነበር። ያንተ ልጅ መሆኔን ካወቀ ወዲህ ደግሞ ለሰው ሁሉ "አባቷ ሠራት፣ እሷ ታበራታለች፤ እኔ የሰው ቤተሰብ መኪና ላይ የተሳፈርኩ እንግዳ ነኝ" እያለ ያስቃል። በሥልጣን አለቃዬ ነው፤ ግን እንደ ታናሽ እህቱ ነበር የሚያየኝ።

ከላይኛው ምሽግ አንድ ወታደር ከፍታው ሳንባውን ውኃ አስቋጥሮት ሊሞት ደርሶ ነበር። እዚያ ድረስ ከውጭ የተገዙት ሄሊኮፕተሮች አይወጡም። ቻታካ ናት የምትወጣው። ወጣን፣ ጫንነው፣ ተነሣን። ምሽጉን ትተን ገደሉ ላይ እንደደረስን መሪው እጄ ውስጥ ንብ እንደገባበት ጣሳ ነዘረ። ፑናቻ ዞሮ አየኝ።

"ተሰማሽ?" አለ።

"ተሰማኝ።"

"ቀስ ብለን ሜዳ እንፈልግ" አለና ወደ ታች አዘነበላት። ከሥራችን ግን ሜዳ የሚባል አልነበረም፤ ገደልና የበረዶ ወንዝ ብቻ ነው። ሜዳው ከመድረሱ በፊት መሪው ላላ። አባባ፣ አንተ ይህን ስነግርህ ገና ከአፌ ሳይወጣ ይገባሃል። እጄ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ከላይ ያለው ክንፍ ግን አይሰማውም። ከመሪው ወደ ክንፉ የሚወጣው ዘንግ ተበጥሷል ማለት ነው።

ፑናቻ ሩዝ አቀብይኝ እንደሚል ሰው በዚያው ድምፁ "የእኔ ሞቷል፤ ያንቺስ?" አለኝ።

"የእኔም" አልኩት።

"በይ ክንድሽን ሰብስቢ" አለኝ። ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። የእግሩን መርገጫ እስከ ጥጉ ሲረግጠው አየሁ። ምን እያደረገ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። ሆስፒታል ተኝቼ ነው የገባኝ። ቻታካ ዞራ ተራራውን የመታችው በእሱ በኩል ነው። በእኔ በኩል ወንበሩ እንዳለ ቀረ። ወታደሩም ተረፈ፤ በቅርቡ ሴት ልጅ ወልዷል። በፑናቻ በኩል ወንበር የሚባል ነገር አልቀረም።

ሰው የሚለኝን እንግዲህ ከዚህ ጋር አስተያየው።

የምርመራ ጉባኤው ፊት ክንዴ በጨርቅ እንደታሰረ ቀረብኩ። ሰብሳቢው ጄኔራል ገና ሳልቀመጥ "ሻለቃው ቸኩለው ሲወርዱ ተራራ ገጩ፤ እንዲህ ነው የሆነው፣ አይደል?" አሉኝ።

"አይደለም ጌታዬ፤ መሪው ከዳን" አልኩ።

"ደንግጠሽ ነበር።"

"ደንግጬ ነበር ጌታዬ። መሪው ግን የላላው እኔ ከመደንገጤ በፊት ነው።"

አንድ ሁለቱ ሳቃቸውን ዋጡ። ጄኔራሉ ሌሎቹን አስወጡና ድምፃቸውን አለዝበው "ልጄ" አሉኝ። "አንድ ጎረቤት ሀገር ቻታካን ሊገዛ ብዕሩን አንሥቷል። ሕንድ በራሷ እጅ ሠርታ የምትሸጠው የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ነው። የሞተው ሞቷል። ለሞተ ሰው ብለሽ የሕያዋንን ሥራ ልታፈርሺ ነው? ሀገርሽን አትወጂም?"

"እወዳታለሁ ጌታዬ" አልኳቸው። "ብቻ እርስዎ የሚወዷት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው፤ እኔ እዚያ ላይ ሆኜ ነው።"

በማግስቱ ከበረራ ታገድኩ። የኬሮሲን በርሜል ጠባቂ ሆንኩ። የጦር ሰፈሩ ልጆች "እሜቴ ዘንግ" የሚል ስም አወጡልኝ። "እሜቴ ዘንግ መጡ፣ ተነሡላቸው" እያሉ ወንበር ይለቁልኛል። እኔም "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ እቀመጥበታለሁ። አላለቀስኩም። ካለቀስኩም ያየኝ የለም።

ደግሞ በሌላ በኩል የመጣብኝን ልንገርህ፤ እማዬ ያልነገረችህ ይህን ይመስለኛል። አንድ ጡረታ የወጣ መኮንን፣ አሁን የውጭ ሄሊኮፕተር ሻጮች ደላላ የሆነ፣ በሚያብረቀርቅ ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ በርሜሎቼ ድረስ መጣ። "እንዲያው ንገሪኝ፣ ድስት በቅጡ የማይሠራ ሕዝብ ሄሊኮፕተር ይሠራል? ቴሌቪዥን ላይ ውጪና ይህን ቆርቆሮ ለሕዝቡ አጋልጪልን" አለኝ።

"የእናንተዋ ላይኛው ምሽግ አርፋ ታውቃለች?" አልኩት።

"ለዚያ ከፍታ አልተሠራችም።"

"እንግዲያው ለእኛ አልተሠራችም" አልኩትና ወደ በርሜሎቼ ዞርኩ። ጫማው መልሶ ሲያንሸራትተው ግን አይቼዋለሁ፤ ደስ አለኝ።

አባባ፣ ልጅህ ፋብሪካውን ሸጠች ለሚሉህ ይህን ንገርልኝ። መንገርም ካልፈለግህ አንተ እወቀው። መሣሪያዎች የሚባረኩበት በዓል ቀን ገና ነፍስ ሳላውቅ ወደ ፋብሪካው ወስደኸኝ፣ የመጀመሪያዋ ቻታካ አንገቷ ላይ ቢጫ የአበባ ጉንጉን አድርጋ ቆማ፣ እጄን ይዘህ አፍንጫዋ ላይ ያሳረፍክልኝ አንተ ነህ። አብራሪ የሆንኩት ያን ቀን ነው። ቻታካን ቆርቆሮ የሚላትን ሰው አልሰማም፤ እንከን የላትም የሚለኝንም አልሰማም። አንድ ዘንግ ተሰነጠቀ ማለት የእናንተ ዕድሜ ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። እንድንተማመንባት ከተፈለገ ስንጥቁን ያየ ሰው ስንጥቅ አየሁ ማለት አለበት። ሌላ መንገድ አላውቅም።

ቃሌን አልለውጥም ብዬ በሁለተኛው ጉባኤም ያንኑ ስደግም፣ ግድ ሆኖባቸው ሌሎቹን ቻታካዎች ፈትተው አዩ። ከሌሎቹም ላይ የተሰነጠቀ ዘንግ ተገኘ። አንዱ ለመበጠስ በፀጉር ያህል ነበር የቀረው፤ የዚያች አብራሪ በማግስቱ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቻታካዎች በሙሉ መሬት ላይ ዋሉ፤ የፋብሪካችሁም ፈረቃ የቆመው ያኔ ነው። ዋጋ አላስከፈለም አልልህም። የበረዶውን ወራት ሙሉ ታማሚ በትከሻ ሲወርድ ከረመ። ከአንዱ ምሽግ አንድ ወጣት ወታደር ሲያወርዱት መንገድ ላይ አረፈ። እናቱ የምትረግመኝ ከሆነ አልፈርድባትም። ግን መልሰው ቢጠይቁኝ ያንኑ እናገራለሁ።

አሁን አዲሱ ዘንግ ወፍሮ፣ በሌላ ብረት ተሠርቶ መጥቷል። ያንተው የፋብሪካ ልጆች ናቸው የሠሩት። እጄ ላይ አድርጌ አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። እኔም ወደ በረራ ተመልሻለሁ፤ በዚህ ሳምንት ላይኛው ምሽግ የምትወጣውን የመጀመሪያዋን ቻታካ የማበራት እኔ ነኝ። እሜቴ ዘንግ ካላበረረቻት አንሳፈርም ያሉት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው።

የቀረው የፑናቻ ስም ነው።

ጉባኤው ዘንጉ መሰንጠቁን አምኗል። "ነገር ግን ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሻለቃው ንዝረቱ እንደተሰማቸው ወደ ምሽጉ መመለስ ነበረባቸው፤ ጥፋቱ የእርሳቸው ነው" ሊል ነው። ፑናቻ ግን ያ ንዝረት ምን እንደሆነ ከየት ይወቅ? ማንም አልነገረውም። አንድ ሰው፣ ከፋብሪካው የሆነ አንድ ሰው፣ "ይታወቅ ነበር፤ ለአብራሪዎቹ ግን አልተነገረም" ካላለ በቀር፣ በእኔ በኩል ያለውን ወንበር ያተረፈልኝ ሰው በስህተቱ እንደሞተ ተጽፎ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። በሁለተኛው ጉባኤ ማብቂያ ቀን አንድ ኢንጂነር ተነሥቶ "ጭነት ሲበዛ፣ ከፍታ ላይ፣ መሪው እጅ ውስጥ ይነዝራል?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው አዲስ አልሆነብኝም። ከአደጋው በፊት በነበረው እረፍቴ ቤት መጥቼ የዳጉሳ ገንፎ ስንበላ፣ እጅህን ከሳህኑ አንሥተህ በዚሁ ቃል፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ጠይቀኸኝ ነበር። "ጡረታ ወጥተህም ፍተሻ አልተውክም?" ብዬ ሳቅሁብህ። አንተ አልሳቅህም። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ በኩል ደግመህ ጠየቅኸኝ። ያን ሳምንት ሙሉ ደግሞ ወደ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ተዛወሪ፣ ተዛወሪ ስትለኝ ነበር። ሴት ስለሆንኩ የናቅኸኝ መስሎኝ አኩርፌህ ነው የተለየሁህ። ሴት ስለሆንኩ አልነበረም።

ኢንጂነሩ "ስለዚህ ንዝረት ከዚያ ቀን በፊት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"እኔ የምመሰክረው ስለ ራሴ እጅ ብቻ ነው" አልኩት። በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፄ ያነሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ አያንስም። ግን የሌላ ሰው ቃል የባለቤቱ ነው፤ እኔ ነጥቄ አልናገረውም።

የመጨረሻው ጉባኤ ዳቫንጌሬ ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ በፋብሪካው አዳራሽ ይሆናል። በፋብሪካው የሠራ፣ ጡረታ የወጣም ቢሆን፣ ልናገር ካለ አይከለከልም። እኔ እመጣለሁ። የፑናቻ ሚስት ዴቻማም ከእኔ ጋር ትመጣለች። ሆቴል ልያዝ ስትል እኔ ቤት አለኝ ብያታለሁ። እማዬ የእኔን ክፍል ታዘጋጅላት፤ እኔ ሳሎን እተኛለሁ። ዴቻማ ሰው ፊት አታለቅስም፤ እንዳለቀሰች አድርጋችሁ እንዳታባብሏት፣ አትወድም።

በስልክ ስናወራ ስለ አንተ ጠየቀችኝ። "አባትሽ ዘንጎቹ በሚፈተሹበት ክፍል አልነበር የሚሠራው? ምን ይላል?" አለችኝ።

"አባቴ ያየውን የሚናገር ሰው ነው" አልኳት።



አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ሳልህን ያርቅልህ፤ እማዬን በደህና ያቆይልህ። እስክንገናኝ ድረስ በሩቅ ሆኜ እግርህን ነክቼ ተሰናብቼሃለሁ።

የምትወድህ፣ አንተ ያሳደግሃት፣
ልጅህ