በነጭ ላይ ነጭ የተቀባው «ላክ»

ለተከበሩ የሥልጠና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ አዲሱ ወንበርዎም፣ ገና ያልደረቀው የግቢዎ በር ቀለምም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ገበያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ከፍቼ የሰው ፎርም ስሞላ የምውል ዲሳሳ ኤጀታ፣ ከዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ።

አዲስ ኃላፊ በተሾመ ቁጥር አጥርና በር ማስቀባት የቆየ ወጋችሁ ነው። እርስዎ ድረ ገጹንም ሳይረሱ ስላስቀቡልን ከልብ እናመሰግናለን። የመጀመሪያው ኃላፊ አረንጓዴ አደረጉት፣ ተከታዩ ሰማያዊ፣ እርስዎ ደግሞ ነጭ። እንዲህ ያለ ንጽሕና አይተን አናውቅም። ይሁን እንጂ ድፍረት ካልሆነብኝ፦

፩. ስታይል ሺት የሚባለው፣ ለገጹ ቀለምና መልክ የሚሰጠው ፋይል፣ የቀድሞው ሳይነሳ አዲሱ በላዩ ይደረባል። ስለዚህ ርእሱ ዛሬም አረንጓዴ ነው፣ ሰንጠረዡም ሰማያዊ፤ ሦስታችሁም በአንድ ገጽ ላይ ሥልጣን ላይ ናችሁ።

፪. «ላክ» የሚለው ቁልፍ ነጭ ሆነ፤ በላዩ ያለው ጽሑፍም ነጭ፣ ዙሪያውም ነጭ።

፫. ዓፊያ ሙስጠፋን አያውቋትም። አዋላጅ ከሌለበት የኩርሙክ መንደሯ ያንን መንገድ በጭነት መኪና ተንገላታ የመጣችው ለአዋላጅነት ሥልጠና ልትመዘገብ ነው። ፎርሙን አብረን ሞላን፤ መላኪያውን ግን ፈልገን አጣነው። ጉድ እኮ ነው፣ በዚህ ሥራ ያረጀሁት ሰውዬ የኮምፒውተሩን መስታወት በጣቴ ስዳብስ ዋልኩ! በማግስቱ ቢሮዎ ስንመጣ ምዝገባው ትናንት እንደተዘጋ፣ ቁልፉም በቦታው እንዳለ በትሕትና ተነገረን። እርግጥ ነው፣ አለ፤ ነፋስም አለ።

ክቡርነትዎ፣ አልደብቅዎትም፣ አንጀቴ አሯል። ልጅቷ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ መንደር ገብታ ምን ብላ እንደምትናገር ጨንቋት ስታለቅስ አይቻለሁ። ለእሷ ሲባል ምዝገባው ለአንድ ቀን እንዲከፈት፣ ከአጥሩ የተረፈ ሌላ ቀለም ካለም ለቁልፉ እንዲደርሰው እለምናለሁ።

በነጩ ገጽዎ ፊት ዓይኑን እያሸ፣ ለሚቀጥለው ኃላፊ ቀለም ከወዲሁ በአክብሮት እጅ የሚነሳ፣
ዲሳሳ ኤጀታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በድረ ገጽዎ የአቤቱታ ክፍል በኩል ልልክ ነበር፤ የዚያም «ላክ» አልታይ አለኝ። ስለዚህ እኔና ዓፊያ ግቢዎ በር ላይ ለጥፈነዋል። ጽሑፉን በጥቁር ስላተምኩት ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ሙጫም አላስፈለገንም፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።